ሁለተኛዋን ደብቄ

ከሆስፒታል የወጣን ዕለት ሲስተሯ መንታ ልጆቼን አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ ፈተነችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጆችን ሰሌዳ ፊት እያቆምኩ ስፈትን የኖርኩ የሂሳብ መምህርት፣ ያን ቀን ላብ በላብ ሆንኩ።

"የት ነው የሚተኙት?"

"ደረቴ ላይ። እነሱ ዳይፐር ብቻ፣ እኔም ከወገቤ በላይ ራቁቴን፤ ከላይ ጋቢ።"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"ቀንም ሌሊትም።"

"ምግባቸውስ?"

"ባያለቅሱም በየሁለት ሰዓቱ። ወንዱ ይጠባል። ሴቷ ጉልበት ስለሌላት ጡቴን አልቤ በሲኒ ጠብ ጠብ አደርግላታለሁ።"

"ገላቸውን ልጠባቸው የሚል ሰው ቢመጣ?"

"አባርረዋለሁ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልጆቹ ሁለት ወር ግድም ቀድመው ነው የመጡት። ሃያ ቀን ማሞቂያ ክፍል ከርመው ወንዱ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ሴቷ ግን ገና አንድ ኪሎ ተኩል ናት። አልጋውን የሚጠብቁ ሌሎች ሕፃናት ስለነበሩ ነው የሸኙን። "ሲስተር፣ ደረት ያለኝ አንድ፣ ልጅ ያለኝ ሁለት" አልኳት። "ለሁለቱም ይበቃል፤ ሲደክምሽ ደግሞ አባትየው አለ አይደል?" አለችና ወደ ባለቤቴ ዞረች። ባለቤቴ ወለሉን ያይ ነበር።

ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ እንዴት እንደምትበርድ ላልኖረባት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ጠዋት ላዩ ረግቶ ይገኛል። የተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። መብራት ሲኖር ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንሰካለን፤ መብራት ግን ከሄደ በሄደበት ይቀራል። ከሰልን ሲስተሯ አምርራ ከልክላናለች፤ ጭሱን የነሱ ሳንባ አይችለውም ብላ። ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሞቅ ነገር የሰው ገላ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከሥራ ቀርቶ ሴቷን ደረቱ ላይ አድርጎ ዋለ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይሻል ነበር። እኔ ስደነግጥ እሷም ትባንናለች፤ እሱ ዘንድ ግን እንቅልፍ ነው። አንድ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባው ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ገባና ባለቤቴ ጋቢ ደርቦ፣ ከጋቢው ሥር ትንሽ እግር ብቅ ብላ ሲያይ በሳቅ ሞተ። "አራሱ! እንኳን ማርያም ማረችህ! ገንፎ ይምጣልህ?" እያለ ሲያላግጥበት ዋለ። እኔ ወንዱን ይዤ በሌላኛው ክፍል ስለነበርኩ፣ የተያዘው ልጅ ወንዱ መስሎታል። ሴቷ መሆኗን አላወቀም። ሴት ልጅ መኖሯንም አላወቀም፤ ከእኛና ከሆስፒታሉ ሰዎች በቀር ማንም አላወቀም።

ይህን ጉዴን ልናገረው። ሆስፒታል ሳለሁ ከአልጋዬ አጠገብ መንታ የወለደች የገጠር ሴት ነበረች። አንደኛው ልጇ በአምስተኛው ቀን ሞተባት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር "አይዞሽ፣ አንዱ ተርፎልሻል፣ ተመስገን በይ" ይሏታል። እሷም "ተመስገን" ትላለች። ሰዎቹ ሲወጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና እስከ ማታ አትመለስም። እኔ ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። "አንዱ ተርፎልሻል" የሚለኝ አፍ እንዳይኖር፣ ከመጀመሪያው የወለድኩት አንድ ነው እላለሁ። ሴቷ ብትሞት እኔና አባቷ እናለቅሳለን። ብትተርፍ ያን ጊዜ እናወጣታለን። ባለቤቴን ለመንኩት፣ አለቀስኩበት፣ ጮህኩበት፤ በመጨረሻ ደክሞት እሺ አለ። አንኮበር ላሉት አባቱ ሲደውልም "ወንድ ልጅ ተወልዶልናል" ብቻ አለ።

እንግዳ ሲመጣ ወንዱን አልጋው ላይ አሳያለሁ። እሷን ከቀሚሴ ሥር በነጠላ አስሬ ጋቢ እደርብባታለሁ። "ወይ ወተት! ደረትሽ እንዴት ነው የሞላው!" ይሉኛል ሴቶቹ። አንዷ እንዲያውም ልትነካኝ እጇን ስትዘረጋ "አመመኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ አዘነችልኝ። ወንዱ ስም ወጥቶለታል። ለሷ ስም አላወጣሁላትም፤ "እሷ" ነበር የምንላት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን ለኀፍረት የሚሆን ቦታ አልነበረኝም፤ ፍርሃቱ ሞልቶት ነበር።

በሳምንቱ ባለቤቴን አሠሪው ደውሎ ጠራው። ሦስት ቀን ቢበዛ አራት ቀን ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ ደብረ ሲና ሲደርስ መንገድ ተዘጋ። በዚህ ዘመን መንገድ ለምን ተዘጋ ተብሎ አይጠየቅም፤ መቼ ይከፈታል ነው የሚባለው፣ ለሱም መልስ የለም። ኔትወርክ ሲገኝ "ዛሬ ይከፍቱታል ይላሉ" ይለኛል። እኔም "እሺ" እላለሁ። እናቴ በሕይወት የለችም። እኅት የለኝም። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናት፣ ግን ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት ታስል ስለነበር ምግብ አምጥታ በሩ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች።

ሁለቱ ልጆች ደረቴ ላይ ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዷ በግራ። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰዓት እመርጣለሁ። በአንድ እጄ እበላለሁ። ወንዱን ሳጠባ የእሷ ሰዓት ይደርሳል፤ እሷን በሲኒ ስመግብ፣ አንዲቷን ሲኒ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ጊዜ የሱ ሰዓት ይደርሳል። ብቻዬን በሆንኩ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ፊቷን ሳይ ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሽ የለም። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ የምጠራው ስም አልነበረም። ጀርባዋን አሸሁ፣ የእግሯን መዳፍ በጣቴ መታሁ፣ እንደገና አሸሁ። እንደማስነጠስ ብላ ተመለሰች። ሲስተሯ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ስለነበር ደወልኩላት። "እንዲህ ያሉ ልጆች መተንፈስ ይረሳሉ። እያሸሽ አስታውሻት" አለችኝ፣ ቀላል ነገር እንደምትነግረኝ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ አልተኛሁም። ጆሮዬን እሷ ላይ ተክዬ ነው የምውለው፣ የማድረውም። ወንዱ ሲያለቅስ ትንፋሿን ስለሚሸፍንብኝ እጠላው ነበር። አዎ፣ ልጄን ጠላሁት። አንድ ቀን "ዝም በል! የሷን ትንፋሽ ልስማበት!" ብዬ ጮህኩበት፤ የሠላሳ ቀን ልጅ ላይ። ደንግጦ ዝም አለ። ከዚያ እኔ አለቀስኩ። እሷንም የጠላሁበት ሰዓት አለ። ወይ ኑሪ፣ ወይ ሂጂ፤ አታንጠልጥዪኝ ብያታለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሠላሳ አምስተኛ ቀናቸው ጠዋት የግራ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ ቀልቶ ተነሳሁ። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ጥርሴ ይንገጫገጫል። ደረቴ ላይ ያለችው ልጅም አብራኝ ትንቀጠቀጣለች። ወተት በሲኒ ሰጠኋት፤ ከአፏ ዳር ተመልሶ ፈሰሰ። እግሯን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም።

በዚህ መሐል የባለቤቴ አባት ደረሱ። ቄስ ናቸው፤ አንኮበር ካሉት ደብሮች ባንዱ አርባ ዓመት ያገለገሉ። የመጡት በአርባ ቀን ስለሚነሳው የወንዱ ክርስትና ሊነጋገሩ ነው። ቤት ግን አይገቡም። ክርስትና ሳይነሳ አራስ ቤት የገባ ካህን መቅደስ አይገባም፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የደብራቸው ንግሥ ነው። ጎረቤቴ ዱካ አምጥታላቸው፣ ገርበብ ባለው በር አጠገብ ውጭ ተቀመጡ። እኔ አልጋው ላይ ነኝ። የሚታየኝ የካፖርታቸው ጫፍና መቋሚያቸው ብቻ ነው።

"እንዴት አደርሽ ልጄ? ልጁ እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው አባባ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ድምፅሽ ልክ አይደለም።"

"ትንሽ በርዶኝ ነው።"

ወንዱ ማልቀስ ጀመረ። አነሳሁና ሳጠባው እሷም ከጋቢው ሥር ቀጭን ድምፅ አሰማች። ውጭ ከጎረቤቴ ጋር የጀመሩት ጨዋታ ተቋረጠ።

"ልጄ" አሉ፣ ረጋ ብለው፤ "እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሕፃን ስንት ነው?"

ቄስ ፊት መዋሸት ከብዶኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ለመዋሸት አቅም አለማግኘቴ ነው። "ሁለት ናቸው" አልኩ።

"ሁለት?"

"ሁለተኛዋ ሴት ናት። ትሞታለች ብዬ ነው የደበቅኋት። አባባ፣ አሁን እየሞተችብኝ ነው! እግሯ ቀዝቅዟል፣ ወተቱን አልውጥ አለች፣ እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ ልጅዎም የለም!"

በአምስት ዓመት ትዳር ውስጥ እሳቸው ባሉበት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ነበር የጮህኩት። ጎረቤቴ እየሳለች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ለሲስተሯ ደወልኩ፤ ደግነቱ ገባልኝ። "አንቺ መርፌ ካልተወጋሽ ሁለቱም ወተት ያጣሉ፣ አሁኑኑ ክሊኒክ ሂጂ" አለች። "እሷን ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ንፋሱ ይገድላታል። ጤነኛ ሰው ገላውን ከገላዋ አድርጎ ያሙቃት፤ ሳል ያለበት እንዳይነካት። ካንቺ በኋላ እሷን እንዴት እንደምናመጣት እንነጋገራለን።"

የሰማሁትን ጮክ ብዬ ደገምኩት። ጎረቤቴ ሳሏን አፍና ወደ ኋላ ተመለሰች። የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ሦስታችንም አወቅን።

"ኧረ መምሬ፣ እንዴት ይሆናል?" አለች ጎረቤቴ። "ከነገ ወዲያ ንግሥ አይደለም እንዴ?"

"ደብሩ ካህን አያጣም" አሉና ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ገቡ።

ያለ ጥምጥም አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥምጥሙን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ሸሚዙን አወለቁ። የት እንደማይ ጠፋኝ፤ የባሌ አባት ደረት ነው። አንገታቸው ላይ ያለውን መስቀል፣ ብረቱ እንዳይቀዘቅዛት ብለው ወደ ጀርባቸው አዞሩት። እሱን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ልጅቷን ደረታቸው ላይ አስተኝቼ በነጠላ ወገባቸው ዙሪያ አሰርኩ፤ ቋጠሮው ሦስት ጊዜ ተፈታብኝ። ጋቢ ደረብኩላቸው። ወንዱን ጠግቦ ስለተኛ ጠቅልዬ ጎናቸው አስተኛሁት።

"ትንፋሿን ያዳምጡ አባባ። ካቆመች ጀርባዋን እንዲህ ይሹላት፤ የእግሯን መዳፍ በጣትዎ መታ መታ።"

"ገባኝ።" ነጠላውን አስተካክለው፣ "ልጄ፣ የሷ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው፤ ሩቅ ነው። ሕመም ከጸና ግን ቀን አይጠበቅም፤ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። እንግዲህ ክፉ ነገር ቢመጣ…"

"አያጠምቋትም!"

በእኛ አገር ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ሲጠመቅ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስንቅ መቋጠር ነው። "ልትሄድ ነው ብለው ከሆነ የያዟት ይመልሱልኝ! እኔ ይዣት እሞታለሁ!" አልኩ። ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር።

አልተቆጡኝም። "ሳትጠመቅ ብትሄድስ ልጄ? እኔ አያቷም ነኝ፣ ቄስም ነኝ። የቱን ልሁን?" አሉኝ። ጎረቤቴ ባጃጁ መጥቷል ብላ በጋቢዬ ጎተተችኝ። አላጠምቃትም ብለው ቃል አልገቡልኝም። ከግቢው ስወጣ ጠረጴዛው ላይ፣ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ፣ ጆግ ሙሉ ውኃ ትቼ መውጣቴ ትዝ አለኝ።

ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም፤ ወረፋው ግን ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በግራ በቀኝ የሚወራውን እሰማለሁ፤ ስለ ጤፍ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውርጭ። የማስበው ስለ ጆጉ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ልጄን ከሰው ሁሉ ደብቄ ከርሜ፣ በመጨረሻ ሊያጠምቃት ለሚጠብቅ ሰው ትቻት መጣሁ። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ አይሠራም። መርፌ ተወጋሁ። ጉሉኮስ ካልተሰቀለልሽ አትሄጂም አሉኝ፤ ጠብታውን እያየሁ ከነርሷ ጋር ተጣላሁ። ሳያልቅ አስነቅዬው ተነሳሁ። ከቤት ከወጣሁ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር።

ከባጃጁ ወርጄ ግቢውን በሩጫ አለፍኩ። በሩን ስከፍተው፣ በተውኳቸው ቦታ በተውኳቸው ሁኔታ ተቀምጠዋል። እግራቸውን እንኳ አላነሱም፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ወንዱ ጎናቸው ነቅቶ ጣቱን ይጠባል። ጆጉ ከቦታው ተነስቷል። ወለሉ ላይ ውኃ ፈሷል። ቀኝ እጃቸውና የጋቢው ጫፍ እርጥብ ነው።

አጠመቋት አልኩ በልቤ። ሞታለች ማለት ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ጎረቤቴ ትስላለች።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"አለች" አሉ።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሁለት ጊዜ አቆመች" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ የሚነግሩኝ እኔን ሳይሆን ሌላ ሰው ይመስል ነበር። "መጀመሪያ እንዳልሽኝ አሸሁላት፣ ተመለሰች። ሁለተኛው ግን ረዘመ። ባሸው ባሸው ጠቆረች። ውኃውን በእፍኜ ቀዳሁ። 'አጠምቀኪ' አልኩ።"

እርጥብ እጃቸውን አዩት።

"የቀረችው ትንሽ ቃል ናት። ያቺን እስክጨርስ ብትሄድስ አልኩ። ነፃ ያለኝ እጅ አንድ ነው፤ በሌላው ይዣታለሁ። ውኃውን ወለሉ ላይ ደፋሁትና ጀርባዋን አሸሁት።" እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ሲገባ አየሁ። "አርባ ዓመት ቄስ ነኝ ልጄ። ሳትጠመቅ በእጄ ላይ አልፋ ቢሆን ምን እመልስ ነበር? ለንስሐ አባቴ ሄጄ እናገራለሁ።"

"ለምን ደፉት አባባ?"

"እንጃ" አሉ። "እንድትሄድ አልፈለግሁም።"

ተነስቼ እጄን ዘረጋሁ፤ ላነሳላቸው፣ እንዲለብሱ፣ እግራቸውን እንዲዘረጉ። እሳቸው ግን ጋቢውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት።

"ቆይ" አሉኝ፤ "ትንሽ ትቆይ። እግሯ የሞቀው ገና አሁን ነው።"